የጠፋ ሥርጭት፣ የቀረ አሻራ

በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ዝግጅት እንደ መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አንባቢውን የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት በመስኮቱ ብቅ ብሎ ያልፋል። ያየው አየው፤ ያላየው ቀረበት። ይህንን አላፊነቱን ብዙዎች እንደ ተፈጥሮው ቆጥረው ሲቀበሉት ኖረዋል። ካለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ግን ደመወዝ ሳይቆረጥላቸውና ሹመት ሳይሰጣቸው፣ አንድ ጊዜ ታይተው የጠፉ ሥርጭቶችን በማፈላለግ ሥራ የተጠመዱ ሰዎች በልዩ ልዩ አገሮች ተነሥተዋል። ከሚፈልጓቸውም መካከል የቪዲዮ ጨዋታን ከሁሉ ፈጥነው ስለሚጨርሱ ተጫዋቾች የተላለፉ አጫጭር ዝግጅቶች ይገኙባቸዋል። ጉዳዩ ሲሰሙት ከቁም ነገር የማይገባ ይመስላል። ጨዋታ፣ ያውም በጥድፊያ የተጫወቱት ጨዋታ፣ ያውም ስለዚያ ጨዋታ የተላለፈ የጥቂት ደቂቃ ዘገባ ቢጠፋ ማን ምን ይጎዳል? ይሁን እንጂ ጥያቄው ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ወደ ሌላ፣ ወደ ሰፋ ያለ ጥያቄ ይመራናል፤ አንድ ኅብረተሰብ ከዘመኑ ምስሎች የትኛውን ያስቀምጣል? የትኛውን ይጥላል? የሚወስነውስ ማን ነው?

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ «ስፒድራኒንግ» የሚባለው፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ የፍጥነት ጨዋታ የምንለው፣ አንድን የቪዲዮ ጨዋታ ከመነሻው እስከ መድረሻው በተቻለ መጠን ባነሰ ጊዜ የመጨረስ ጥበብ ነው። ተጫዋቹም «ሯጭ» ይባላል። ሯጩ ጨዋታውን ለመዝናናት ብቻ አይጫወተውም፤ ያጠናዋል። የትኛው በር በስንት ሴኮንድ እንደሚከፈት፣ የትኛው ጠላት ሳይገደል ሊታለፍ እንደሚችል፣ የፕሮግራሙ ሠሪዎች ሳያውቁት የተዉት ስሕተት በየት በኩል አቋራጭ መንገድ እንደሚከፍት አንድ በአንድ ይመረምራል። የ20 ደቂቃ ሩጫ ከጀርባው የብዙ ወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ልምምድ አለው። በዚህ ረገድ ሯጩ ሌላ ሰው የደረሰውን ዜማ ከሚጫወት ሙዚቀኛ ጋር ይመሳሰላል፤ ድርሰቱ የሌላ ነው፣ አጨዋወቱ ግን የራሱ ነው።

ይህ ጥበብ መልክ ይዞ የወጣው በ1990ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በታኅሣሥ 1993 በአሜሪካ የሚገኘው ኢድ ሶፍትዌር የተባለ ድርጅት «ዱም» የተሰኘውን ጨዋታ ሲያወጣ፣ ተጫዋቹ የራሱን አጨዋወት በትንሽ ፋይል መዝግቦ ለሌላው የሚልክበትን ዘዴ አብሮ ሰጠ። በ1994 መጨረሻ ገደማ ተጫዋቾች እነዚህን መዝገቦች እየሰበሰቡ የሚያወዳድሩበት ሰሌዳ ተቋቋመ። በ1996 የወጣው «ክዌክ» የተባለ ጨዋታም በተራው ሯጮችን አሰባሰበ፤ በሰኔ 1997 የተለያዩ ሯጮች የየክፍሉን ምርጥ ሩጫ አጋጥመው ጨዋታውን በሙሉ በ19 ደቂቃ ከ49 ሴኮንድ የጨረሱበትን ሥራ አወጡ። በመስከረም 2000 ይኸው ሥራ ተሻሽሎ ወደ 12 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ወረደ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚህ ጥበብ ውስጥ ያልተመዘገበ ሩጫ እንዳልተሮጠ ይቆጠራል። ለሯጩ መዝገቡ የሥራው ማስታወሻ ብቻ ሳይሆን ራሱ ሥራው ነው።

ቴሌቪዥን ግን ከተጫዋቾች ጋር የተዋወቀው ከዚያ በፊት ነው። በኅዳር 1981 ዎልተር ዴይ የተባለ ሰው በአሜሪካ አይዋ ክፍለ ግዛት፣ ኦተምዋ በተባለች ትንሽ ከተማ «ቱዊን ጋላክሲስ» የሚባል የጨዋታ ቤት ከፈተ፤ የተጫዋቾችንም ከፍተኛ ነጥብ መመዝገብ ጀመረ። በጥር 1983 የኤ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን «ዛትስ ኢንክሬዲብል» ለተባለው ዝግጅቱ በዚያች ከተማ የተደረገውን ውድድር ቀረጸ፤ በየካቲት 21 ቀን 1983ም ለሕዝብ አሳየው። በመጨረሻው ዙር የቀረቡት ወጣቶች በየጨዋታው የተወሰነውን ነጥብ ቀድሞ ለመድረስ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየተሯሯጡ ተሽቀዳደሙ። በ1982 የተጀመረው «ስታርኬድ» የተባለ ሌላ የአሜሪካ ዝግጅትም ተወዳዳሪዎቹ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ምን ያህል ነጥብ እንደሚያገኙ የሚፈትን ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በጥር 1992 በቻናል 4 «ጌምስማስተር» የተባለው ዝግጅት ተጀምሮ እስከ 1998 ዘለቀ።

እነዚህን ዝግጅቶች ከሂስ አንጻር ስናያቸው አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። የቴሌቪዥን ካሜራ ትዕግሥትን ማሳየት አይችልበትም። ሯጩ አንድን ግድግዳ በትክክለኛው ማዕዘን ለመዝለል ሦስት ወር ሲደጋግም የዋለበትን ሥራ በሦስት ደቂቃ ዘገባ ውስጥ ማስገባት ያስቸግራል። ስለሆነም ካሜራው የሚቀናውን ይዟል፤ የሚቆጥር ሰዓት፣ የሚያላብ ግንባር፣ የሚጮህ አስተዋዋቂ፣ የሚያጨበጭብ ታዳሚ። ይዘቱ ጥናት ሆኖ ሳለ ቅርጹ ግርግር ሆነ። ሯጮች በእነዚህ ዝግጅቶች ላይ የሚያቀርቡት ነቀፌታ ከዚህ የመነጨ ነው፤ ነቀፌታውም እውነትነት አለው። ነገር ግን የተዛባ ምስልም ቢሆን ስለ ተሣለው ብቻ ሳይሆን ስለ ሠዓሊው ይናገራል። አስተዋዋቂው ወጣቱን በአድናቆት ጠየቀው ወይስ በፌዝ? እናቱ ከአጠገቡ ተቀምጣ ኮራች ወይስ አፈረች? ማሽኖቹ የቆሙት በምን ዓይነት ቤት ውስጥ ነው? እነዚህን የሚመልስልን ያ ጥድፊያ የበዛበት ዘገባ ነው፤ ሌላ ምስክር የለም።

ታዲያ ሥርጭት እንዴት ይጠፋል? በመጀመሪያው ዘመን ጠላቱ ዋጋ ነበር። የአሜሪካው አምፔክስ ኩባንያ በ1956 ያወጣው የምስል መቅረጫ የሚሠራበት ባለ ሁለት ኢንች ክር እጅግ ውድ ስለ ነበረ፣ ጣቢያዎች አንድ ዝግጅት ከተላለፈ በኋላ ክሩን አጥፍተው ሌላ ይቀርጹበት ነበር። የብሪታንያው ቢ.ቢ.ሲ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ያለ ርኅራኄ ካጠፋቸው ሥራዎች መካከል «ዶክተር ሁ» የተባለው የወጣቶች ተከታታይ ድራማ ብዙ ክፍሎች ይገኙበታል። ለማጥፋቱ የተሰጡት ምክንያቶች በዘመኑ ዓይን ሲታዩ ሁሉም በቂ ነበሩ፤ ክር ውድ ነው፣ ቦታ ጠበበ፣ ከተዋንያን ጋር የተደረገው ስምምነት መልሶ ማሳየትን ይገድባል፣ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ከመጣ ወዲህ ጥቁርና ነጩን ማን ያየዋል! አንዱም ምክንያት ክፋት አልነበረበትም። አንዱም ግን «ነገ ማን ይጠይቀን ይሆን?» ብሎ አልጠየቀም። የማጥፋቱ ልማድ የቆመው በ1978 ነው።

በዚህ ረገድ የአንድ ሰው ታሪክ ነገሩን አጉልቶ ያሳያል። ፓትሪክ ሙር የታወቀ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። ከሚያዝያ 1957 ጀምሮ በ2012 እስኪሞት ድረስ በቢ.ቢ.ሲ. ስለ ከዋክብት ሲያስተምር ኖሯል። በሐምሌ 1969 የሰው ልጅ ጨረቃን በረገጠበት ሌሊት በቢ.ቢ.ሲ. ስቱዲዮ ተቀምጠው ለሕዝቡ ካስረዱት አንዱ እሱ ነበር። ያ የስቱዲዮ ሥርጭት ዛሬ በአብዛኛው የለም። ጨረቃ የተረገጠበት ሌሊት ጠፋ! ይኸው ሊቅ በ1992 የ«ጌምስማስተር»ን የጨዋታ ሊቅ ሆኖ በመስኮቱ ብቅ አለ፤ በማሽን ተቀነባብሮ የቀረበ ጭንቅላቱ ብቻ እየታየ ለልጆች የጨዋታ ምሥጢር ይነግራቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ግን በየቤቱ የቪዲዮ መቅረጫ ገብቶ ነበርና፣ ማንኛውም የ12 ዓመት ልጅ አንዲት ካሴት ጎርሶ የሚቀዳ መሣሪያ ከቴሌቪዥኑ ሥር ነበረው። በ1969 የሳይንስ ታላቅ ሌሊት ጠባቂ አጣ፤ በ1992 የልጆች ጨዋታ በሺህ የሚቆጠሩ ጠባቂዎች ሊያገኝ ቻለ። ልዩነቱ ከጉዳዩ ክብደት የመጣ አይደለም። መቅረጫው ከጣቢያው እጅ ወጥቶ ተመልካቹ ዘንድ በመድረሱ የመጣ ነው።

ከጨረቃው ጉዞ ሳንርቅ ሌላም ምስክር እንጥቀስ። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ከጨረቃ በቀጥታ የተቀበለውንና ከተሠራጨው ይልቅ ጥራት የነበረውን ምስል የያዙ ክሮች ለዓመታት ሲፈልግ ቆይቶ፣ ክሮቹ ጠፍተው ለሌላ ሥራ ሳይውሉ እንዳልቀሩ በ2009 አስታወቀ። እንዲህ ያለ ድርጅት እንዲህ ያለውን ምስል ካጣ፣ ስለ አንድ የጨዋታ ቤት የተሠራ አጭር ዘገባ ቢጠፋ ምን ይገርማል?

ኋላ ግን የጥፋቱ መልክ ተለወጠ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ክር ረከሰ፤ አጥፍቶ መልሶ የመቅረጹ ግዴታ ቀነሰ። በምትኩ ሌላ ጠላት መጣ፤ ስም የለሽነት። ስለ ፍጥነት ተጫዋች የሚተላለፍ ዘገባ ብዙውን ጊዜ ራሱን የቻለ ዝግጅት አይደለም። በአንድ የዜና ወይም የመዝናኛ ፕሮግራም መካከል የሚገባ አጭር ቁራጭ ነው። በጋዜጣ ላይ የሚወጣው የፕሮግራም ዝርዝር የፕሮግራሙን ስም እንጂ የቁራጩን ጉዳይ አይጽፍም። ስለዚህ ክሩ በመጋዘን ውስጥ ቢኖር እንኳ በላዩ ላይ የተጻፈው ቀንና ቁጥር ብቻ ከሆነ የጠፋ ያህል ነው። ክሩን የሚያጫውተው ማሽንም በተራው ያረጃል፤ መለዋወጫው ከገበያ ይጠፋል፤ የሚጠግነው ባለሙያ ጡረታ ይወጣል። እሳትና ውኃ ያልነካው ክር በመርሳት ብቻ ይሞታል።

ፍለጋው እንግዲህ ይህን መርሳት የሚታገል ሥራ ነው። ፈላጊው የሚጀምረው ከትዝታ ነው፤ «ልጅ ሳለሁ አይቼዋለሁ» ከሚል ሰው። ትዝታ ግን ደካማ ምስክር ነው፤ ሁለት ዝግጅቶችን አንድ ያደርጋል፣ ዓመቱን ያሳስታል፣ ያልታየውን እንደ ታየ ያምናል። ስለሆነም ፈላጊው የትዝታውን ቃል ከጋዜጣ የፕሮግራም ዝርዝር፣ ከጨዋታው መውጫ ዓመት፣ ከውድድሩ ቀን፣ በዘገባው ከተሳተፉት ሰዎች ቃል ጋር ያመሳክራል። ከዚያ ወደ ቤተ መዛግብት ይጽፋል። በመጨረሻም ተስፋው ባልታወቀ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ በተቀመጠ ካሴት ላይ ይወድቃል፤ ሌላ ነገር ለመቅዳት የተከፈተ መቅረጫ ሳይዘጋ ቀርቶ የሚፈለገውን ቁራጭ አብሮ ይዞት ሊሆን ይችላልና። በትዕግሥቱ፣ በኅብረት በመሠራቱና በጥቃቅን ነገር ላይ በመመሥረቱ ይህ ፍለጋ ራሱ የፍጥነት ጨዋታን ጥናት ይመስላል። ፈላጊዎቹ ከሯጮቹ ወገን መገኘታቸው አያስደንቅም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ሯጮች የራሳቸውን ሩጫ ራሳቸው መዝግበው ካስቀመጡ፣ ቴሌቪዥኑ የሠራውን ያልተሟላ ዘገባ መፈለግ ለምን አስፈለገ? ለዚህ መልስ ለመስጠት የሁለቱን መዝገቦች ባሕርይ ማነጻጸር ይገባል።

የ«ዱም» መዝገብ ምስል የለበትም። ፋይሉ የያዘው ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 35 ጊዜ የሰጠውን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ተኮሰ። ይህ ትእዛዝ ወደ ምስል የሚለወጠው ጨዋታው ራሱ መልሶ ሲያነበው ነው። ያነበበው የጨዋታው ቅጂ ከተመዘገበበት ቅጂ የተለየ ከሆነ ሩጫው ይፋለሳል፤ ሯጩ በር ባለበት ሳይሆን በግድግዳ ላይ ሲላተም፣ ጠላት በሌለበት ሲተኩስ ይታያል። ይህንን ለመረዳት ለእኛ አገር አንባቢ ከቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በድጓው ላይ ከቃላቱ በላይ የተጻፉት ጥቃቅን ፊደላት ዜማውን አያሰሙም፤ ያስታውሳሉ እንጂ። ከመሪጌታ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማውን በጆሮው ያልተማረ ሰው ምልክቱን ብቻ ይዞ ሊያዜም አይችልም። ምልክቱ የሚናገረው ለሚያውቀው ነው። የ«ዱም» መዝገብም እንዲሁ ነው፤ ጨዋታው ካለ ይናገራል፣ ጨዋታው ከሌለ ዲዳ ነው። ጨዋታው ቢኖርም ደግሞ የሯጩን እጅ እንጂ ፊቱን አያሳይም።

የቴሌቪዥኑ ዘገባ ተቃራኒው ነው። ሩጫውን ቆራርጦ፣ አሳጥሮ፣ አንዳንዴም ሳይረዳው ያቀርባል። ነገር ግን ወንበሩን፣ ክፍሉን፣ ድምፁን፣ ሳቁን፣ ከጀርባ የቆመውን ሕዝብ ይዟል። አንደኛው ሥራውን ያለ ሰው፣ ሁለተኛው ሰውን ያለ ሥራው አስቀምጧል። ሁለቱን አገናኝቶ የሚያይ ብቻ ነው ሙሉውን የሚያገኘው። እንግዲህ ያ ቁራጭ ዘገባ ሲጠፋ የጠፋው ማስጌጫ ሳይሆን የሥራው ግማሽ አካል ነው። የፍለጋው ትርጉም ከዚህ ላይ ይመነጫል።

ጉዳዩ የስሜት ብቻ እንዳይመስል ደግሞ የእውነት ጥያቄም እንዳለበት እናሳይ። «ድራግስተር» በ1980 ለአታሪ ማሽን የወጣ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ነው። በዚያ ዘመን አምራቹ አክቲቪዥን ከተጫዋቾች የሚቀበለው ማስረጃ በአብዛኛው የቴሌቪዥኑን መስኮት ፎቶግራፍ ነበር። በ1982 አንድ ተጫዋች ጨዋታውን በ5.51 ሴኮንድ ጨርሷል ተብሎ ተመዘገበ፤ ቁጥሩም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳይደፈር ቆየ። በ2017 የጨዋታውን ፕሮግራም የፈተሹ ሰዎች ከ5.57 በታች መውረድ እንደማይቻል በስሌት አሳዩ። በጥር 2018 ቱዊን ጋላክሲስ መዝገቡን ሠረዘ። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ሩጫውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያሳይ አንድም ተንቀሳቃሽ ምስል ሊቀርብ አልቻለም። ቢኖር ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር፤ ወይ ሰውየው ይከበራል፣ ወይ ሐሰቱ ወዲያው ይጋለጣል። ምስል ባለመኖሩ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል አንድ የጥበብ ዘርፍ በሙሉ በተጠረጠረ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ኖረ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ እዚህ ግን በመጽሐፍ የሰፈረው ቁጥር ራሱ የሚያረጋግጥለት ምስክር አጥቶ ወደቀ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «የድሮዎቹ ጣቢያዎች አጠፉ፣ የዛሬዎቹ ተጫዋቾች ግን ራሳቸው ስለሚመዘግቡ ከሥጋት ነጻ ናቸው» ብሎ መደምደም ይቻል ይሆን? አይቻልም። በጥር 2010 ጥቂት ሯጮች ተሰባስበው ሩጫቸውን በኢንተርኔት በቀጥታ እያሳዩ ለኬር የርዳታ ድርጅት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሰበሰቡ። ከዚያ የተወለደው ዓመታዊ ዝግጅት በ2020 በአንድ ሳምንት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ እስከ መሰብሰብ ደረሰ። ሯጮች የቴሌቪዥን ጣቢያ ደጅ መጥናት አላስፈለጋቸውም፤ ራሳቸው ጣቢያ ሆኑ። ይሁን እንጂ ሥርጭታቸው የሚያልፍበትና የሚቀመጥበት ቤት የራሳቸው አልነበረም። ሯጮች በብዛት የሚገለገሉበት ቱዊች የተባለው ኩባንያ በየካቲት 2025 ማንኛውም ተጠቃሚ በቋሚነት ሊያስቀምጥ የሚችለው ምስል ከ100 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ውሳኔውም ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ኩባንያው ያቀረበው ምክንያት የማስቀመጫው ወጪ መብዛትና የተመልካቹ ማነስ ነው። የፍጥነት ጨዋታ ማኅበረሰብ ተደናገጠ፤ የዓመታት ማስረጃው የተከማቸው በዚያ ነበርና።

አንባቢው የሁለቱን ዘመን ምክንያት ጎን ለጎን አድርጎ ይመልከት። በ1960ዎቹ «ክር ውድ ነው፣ ቦታ ጠበበ፣ የሚያየው የለም» ተባለ። በ2025 «ማስቀመጫ ውድ ነው፣ የሚያየው ጥቂት ነው» ተባለ። መሣሪያው ተለወጠ፤ አስተሳሰቡ ግን ያው ነው። የዛሬን ተመልካች ቁጥር የነገ ዋጋ መለኪያ አድርጎ መውሰድ የጥፋቱ ሁሉ ሥር ነው። የአንድ ሥራ ዋጋ ግን በተሠራበት ቀን ተመዝኖ አያልቅም። ቢ.ቢ.ሲ. ያጠፋው «ዶክተር ሁ» ዛሬ ከጠፉት ሁሉ አብዝቶ የሚፈለገው ሆኗል። በጥቅምት 2013 በናይጄሪያ ጆስ ከተማ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች መገኘታቸው ሲነገር ዜናው በመላው ዓለም ተሰማ። ባለቤቱ የጣለውን ቅጂ ገዥው አስቀምጦት ተገኘ። ምስላቸው ከነአካቴው የጠፋው ክፍሎች ድምፅም ቢሆን በሙሉ ይገኛል፤ ያስቀመጡት በ1960ዎቹ መቅረጸ ድምፃቸውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ደግነው የቀዱ ወጣት ተመልካቾች ናቸው።

መፍትሔውስ? ሦስት ዓይነት ጠባቂዎችን ከታሪክ መጥቀስ ይቻላል። የመጀመሪያው የትምህርት ተቋም ነው፤ በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ከነሐሴ 1968 ጀምሮ የታላላቆቹን ጣቢያዎች የምሽት ዜና እየቀረጸ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ሕግ ነው፤ ፈረንሳይ በ1992 ባወጣችው ሕግ፣ መጽሐፍ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንደሚሰጥ ሁሉ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥርጭትም ለመንግሥት ቤተ መዛግብት እንዲገባ ደንግጋለች። ሦስተኛው ተራው ተመልካች ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 1984 በ5 ለ4 ድምፅ ሰው በቤቱ ሆኖ ኋላ ለማየት ሥርጭት ቢቀዳ ጥፋት እንደሌለበት ፈረደ። የፊላደልፊያ ነዋሪ የነበረችው ማሪየን ስቶክስ ከ1970ዎቹ ጀምራ በታኅሣሥ 2012 እስክትሞት ድረስ ቀንና ሌሊት ስትቀዳ ኖራ 70 ሺህ ያህል ካሴት ትታ አለፈች። ጎረቤት እንደ እብደት ሊያየው የሚችለው ሥራ በኋላ ለሕዝብ ቤተ መዛግብት ተሰጠ።

ሦስቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ዩኒቨርሲቲው የአገር አቀፉን ዜና ሲይዝ የክፍለ ሀገሩን ጣቢያ ይዘላል። ሕጉ ከወጣበት ቀን በፊት የጠፋውን አይመልስም። ተራው ተመልካች ደግሞ ደስ ያለውን እንጂ ሁሉን አይቀዳም፤ ሲሞትም ወራሾቹ ካሴቱን ከቆሻሻ ጋር ሊጥሉት ይችላሉ። ስለ ፍጥነት ጨዋታ የተላለፉት ዘገባዎች የጠፉት በትክክል በእነዚህ ሦስቱ መካከል ባለው ክፍተት ወድቀው ነው፤ ለዩኒቨርሲቲው ጥቃቅን፣ ለሕጉ የቆዩ፣ ለተመልካቹ ያልተጠበቁ ነበሩ።

ፈላጊዎቹንም ቢሆን ያለ ሂስ ልናልፋቸው አይገባም። በመካከላቸው ፍለጋውን እንደ አደን የሚቆጥሩ፣ ያገኙትን ቅጂ እንደ ግል ሀብት ቆልፈው የሚኩራሩበት አሉ። ዋጋው የብርቅነቱ እስከ ሆነ ድረስ ቅጂውን ማብዛት ዋጋውን መቀነስ ይመስላቸዋል። ይህ አስተሳሰብ ክሩን ካጠፋው ባለሥልጣን አስተሳሰብ በውጤቱ አይለይም፤ ሕዝብ የማያየው ሥራ በሳጥን ቢቆለፍም ቢጠፋም ለሕዝብ አንድ ነው። ሌሎች ደግሞ የተገኘውን ነገር በልጅነት ናፍቆት ብቻ ያዩታል፤ ካዩትና ከተደሰቱ በኋላ ምን እንደሚናገር አይጠይቁም። ማግኘት የሥራው መጀመሪያ ነው። የተገኘው መቅዳት፣ መመርመር፣ ከሌሎች መዝገቦች ጋር መነጻጸርና ለማንኛውም ጠያቂ ክፍት መሆን አለበት። አለዚያ ፍለጋው ራሱ ሌላ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

ይህንን ጽሑፍ የሚያነብ መምህር፣ የባህል ሠራተኛ ወይም የጥበብ ሰው ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ግድ ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን በእጁ ወይም በመሥሪያ ቤቱ አንድ ካሴት፣ አንድ ክር፣ አንድ ፋይል አይጠፋም፤ የተማሪዎች ትርኢት፣ የአንድ አዛውንት ቃለ ምልልስ፣ የአንድ የሠፈር በዓል። ዛሬ ማንም አይጠይቀው ይሆናል። የሚጠይቀው ገና አልተወለደ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ከትልቅ በጀትና ከትልቅ ሕንፃ በፊት የሚጀምረው ከብዕር ነው፤ በካሴቱ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የቀረጸውን ሰውና በምስሉ የሚታዩትን ሰዎች ስም በግልጽ መጻፍ። ከዚያም አንድ ቅጂ ለራስ፣ አንድ ቅጂ ለሌላ ማድረግ። አንድ ጠባቂ ያለው ነገር ያ ጠባቂ እስኪደክም ወይም እስኪወስን ድረስ ብቻ ይኖራል፤ ብዙ ጠባቂ ያለው ግን አንዱ ቢጥለው ሌላው ይዞት ይገኛል።